ነገረ ዐቃብያነ ሐመር፤ ወይም በጠፈር መርከብ ላይ ዘበኛ ስለ መቆሙ ጥቅም

የሰው ልጅ በምናቡ መርከብ ሠርቶ ከኮከብ ወደ ኮከብ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ፣ ስለ ሞተሯ ኃይል፣ ስለ ጨረሯ ብርታት፣ ስለ አዛዦቿም ጥበብ ብዙ ተጽፏል፤ በዚያችው መርከብ ላይ መሣሪያ ታጥቆ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ከደጃፍ ቆሞ፣ ጠላት በመጣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀውን ዘበኛ ግን ሊቃውንቱ ሳያዩት አልፈው ሄደዋል። ብዙ ምሽቶችን ከነዚህ ድርሰቶች ፊት ተቀምጬ ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ይህ ዝምታ ፍትሕ የጎደለው ሆኖ ስለ ታየኝ፣ የዘበኛውን ግብር፣ ወገንና ፍጻሜ በየሥርዓቱ ለይቼ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይኸውም የጠፈር መርከብ ዘበኛ ሥራውን ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ነው። ምላሹ ለብዙዎች ግልጽ ሊመስላቸው ይችላል፤ ግልጽ የሚመስል ነገር ሁሉ ደግሞ ሐተታ እንደሚያስፈልገው የታወቀ ነው።

ለጥናቱ ዋነኛው ምንጭ ጂን ሮደንቤሪ የፈጠረው «ስታር ትሬክ» የተባለው የቴሌቪዥን ድርሰት ነው። ይህ ድርሰት በአሜሪካ በኤንቢሲ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ሲሆን፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ይውላል፤ ይኸውም የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ ርኅወተ ሰማይ የሚባለው፣ ሰማያት ይከፈቱበታል ተብሎ የሚታመንበት ዕለት ነው። ባለ ጣቢያዎቹ ይህን አስበው እንዳላደረጉት ግልጽ ነው። ሆኖም ሰማይ በሚከፈትበት ቀን ወደ ሰማይ ከተላኩት ሰዎች መካከል የመጸለይ ምክንያት የነበራቸው የትኞቹ እንደ ሆኑ ከዚያ በኋላ በተከተሉት ሦስት ዓመታትና በ79ኙ ክፍሎች በሰፊው ተገልጿል።

ኢንተርፕራይዝ የተባለችው መርከብ 430 ነፍስ ትይዛለች። ከነዚህም አዛዦቹ ወርቃማ፣ የሳይንስና የሕክምና ሰዎች ሰማያዊ፣ መሐንዲሶች፣ የመገናኛ ሠራተኞችና ዘበኞች ደግሞ ቀይ ይለብሳሉ። የአዛዦቹ ልብስ ጨርቁ በእውነት አረንጓዴ ሆኖ፣ በመብራት ሲታይ ግን ወርቅ ይመስል እንደ ነበር የልብሱ ታሪክ ይመሰክራል፤ የዘበኛው ቀይ ግን በመብራትም ያለ መብራትም ቀይ ነው። ከዚህ የተነሣ በተመልካቹ ሕዝብ ዘንድ ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሞታል የሚል እምነት ጸንቶ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ጸሐፊ ሟቾቹን በየቀለማቸው ከፍሎ በስታቲስቲክስ ቢመረምር፣ ቀይ የለበሱት በቁጥር ብዙዎች ስለሆኑ በመቶኛ ሲሰላ ወርቃማ የለበሱት የበለጠ እንደሚሞቱ አገኘ፤ ነገሩም የሚያጽናና መስሎ ነበር። ወዲያው ግን ከቀዮቹ መካከል ዘበኞቹን ብቻ ለይቶ ቢቆጥር፣ ከሞቱ አብዛኛው ወደነሱ ተሰብስቦ ተገኘ። ስለዚህ ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፤ የሥራው ነው።

ይህንም የሚያጸና ሌላ ማስረጃ አለ። ዋናው መሐንዲስ ስኮቲና የመገናኛዋ ሹም ኡሁራ ቀይ ለብሰው ሦስቱን ዓመት በሰላም ፈጽመዋል። በሰላም ስል ፍጹም በሰላም ማለቴ አይደለም፤ ኖማድ የተባለ ክፉ መሣሪያ ወደ መርከቧ በገባ ጊዜ ስኮቲን ገድሎታልና። ግን አዛዡ ካፒቴን ኪርክ ስላዘዘው መሣሪያው ያንኑ ሬሳ ጠግኖ አስነሥቷል። በዚያው ዕለት፣ በዚያችው መርከብ፣ ያው መሣሪያ ዘበኞችን በጨረር አትንኖ ሲያጠፋ፣ እነዚህንስ ጠግንልን ያለ ሰው አልተገኘም። ለመጠገን የሚሆን ነገር አልተረፈም ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ እኔ ግን ቢያንስ መጠየቅ ይገባ ነበር እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ስንገባ፣ ዘበኛን ከሁለት በአንዱ ሚዛን መመዘን ይቻላል። ተራው ሰው የሚመዝንበት ሚዛን፣ ዘበኛ የቆመው ሰውንና ንብረትን ለመጠበቅ ነውና ካልጠበቀ አልሠራም የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ነገሩን ማየት የሚያሳዝን ብቻ ይሆናል። ሁለተኛውና እኔ የማምንበት ግን፣ ዘበኛው ወደማይታወቅ ዓለም የሚወርደው አደጋ ለመከላከል ሳይሆን አደጋ መኖሩን ለማስታወቅ ነው ይላል። ካፒቴኑ፣ የሳይንስ ሹሙና ሐኪሙ፣ ማለት መርከቧ ያላት ዕውቀት ሁሉ፣ ሦስቱም ባንድነት ወደ አንድ ያልታወቀ ምድር ሲወርዱ፣ ስሙን ማንም የማያስታውሰው አራተኛ ሰው አብሯቸው ይሄዳል። ጥቂት ይራመዳሉ። አራተኛው ሰው ይጮኻል። ሐኪሙ ማኮይ ይንበረከክና አንገቱን ዳስሶ ሞቷል ብሎ ይናገራል፤ ያን ጊዜም ሦስቱ ሊቃውንት ቦታው ሰላማዊ አለመሆኑን ይረዳሉ። ይህን ከመሰለ የማስታወቂያ ዘዴ የፈጠነ እስካሁን አልተገኘም። በዚህ ሚዛን የኢንተርፕራይዝ ዘበኛ ሥራውን ያላንዳች ጉድለት የፈጸመ ሰው ነው።

የአሟሟታቸውን ዓይነት በየምድቡ ለመለየት ሞክሬ ነበር። «ዘ አፕል» በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በታየው ክፍል ገነት የምትመስል አንዲት ዓለም አለች፤ ወደሷ ከወረዱት ቀይ ለባሾች አንዱን አበባ እሾህ ወርውራ ገደለችው፣ አንዱን መብረቅ አመድ አደረገው፣ አንዱ ድንጋይ ፈንድቶበት ሞተ፣ አንዱንም የአገሩ ሰዎች በዱላ መቱት፤ በዚህም ዕፀዋት፣ ሰማይ፣ ምድርና ሰው አንድ አንድ ስለ ደረሳቸው ምድቡ ራሱን በራሱ የፈጸመ መስሎኝ ተደስቼ ነበር። ቀጥሎ ግን ሕፃናት መርከቧን በአስማት የሚመሩበትን ክፍል ተመለከትሁ። በዚያ ካፒቴኑ በታች ላሉት ዘበኞች ተለዋጭ የሚሆኑ ሁለት ዘበኞችን፣ ሰውን በትኖ ሌላ ስፍራ በሚገጥመው መሣሪያ ላይ አቁሞ ወደ ፕላኔቷ እንዲላኩ አዘዘ፤ እነርሱም ተላኩ፤ ከተላኩ በኋላ መርከቧ በፕላኔቷ ዙሪያ አለመኖሯ ታወቀ። ሁለቱም የተላኩት ወደ ባዶ ኅዋ ነበር። ለተረኛ የመጣ ዘበኛ በተረኝነቱ ምክንያት፣ ጠላት ሳይነካው፣ በገዛ መርከቡ የሚሞትበት ምድብ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ስላላወቅሁ ዝርዝሩን በዚህ አቆምሁት።

ይልቁንስ ማንም ያላጠናውን፣ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደውን አንድ ወገን በሰፊው ላብራራ፤ ይህም የበር ዘበኛ ነው።

የበር ዘበኛ ወደ ባዕድ ዓለም አይወርድም። ቤቱ ውስጥ ነው። በጠፈር መርከብ ውስጥ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ የርሱ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ምክንያቱም የሚጠብቀው ነገር አንድ በር ብቻ ሲሆን፣ በሩም ካለበት አይንቀሳቀስም። ይህም ሆኖ ከዚህ የበለጠ የተደፈረ የጥበቃ ዘርፍ የለም። የበር ዘበኛ ሦስት ወገን አለው፤ አንደኛው ውስጥ ያለው እንዳይወጣ የቆመ፣ ሁለተኛው ውጭ ያለው እንዳይገባ የቆመ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ የትኛውን ሊከለክል እንደ ቆመ ያልተነገረው ነው።

ለፊተኛው ወገን ምሳሌ የሚሆነን የካን ዘበኛ ነው። ካን በዘር ምርጫ ከሰው ሁሉ በጉልበትም በአእምሮም እንዲልቅ ተደርጎ የተፈጠረ፣ በጥንት ዘመን ሩቡን ዓለም የገዛ፣ በበረዶ እንቅልፍ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ተኝቶ የኖረ አምባገነን ነው። ካፒቴኑ ማንነቱን ካወቀ በኋላ በታላቅ ጥንቃቄ ክፍሉን ቆለፈበትና በደጁ ዘበኛ አቆመ። የቆመው አንድ ሰው ነው። ያ የዓለምን ሩብ የያዘው ሰው በሩን በሁለት እጁ ፈልቅቆ ወጣ፤ ዘበኛውም የተጠበቀበትን ያህል ጊዜ ተዋጋ፣ ይኸውም እጅግ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ዘበኛውን መውቀስ ግፍ ነው። ወቀሳ የሚገባው፣ ካለው ሠራዊት ሁሉ ለካን የሚመጥነው አንድ ሰው ነው ብሎ የቆጠረው የሒሳብ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ወገን የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 29 ቀን 1967 በታየው ክፍል፣ ኬ-7 በተባለች ጣቢያ ለአንዲት ፕላኔት የሚላክ ልዩ እህል በጎተራ ተከማችቶ ሳለ፣ ክሊንጎን የተባሉት ጠላቶች እንዳያጠፉት ኃላፊ የሆነው ባለሥልጣን ዘበኛ ይሰጠኝ ብሎ አጥብቆ ጮኸ። ካፒቴኑም ለእህል ዘበኛ ማቆሙ ከክብሩ በታች መስሎት እያጉረመረመ ሁለት ሰው ሰጠው። በዚህ መካከል ትሪብል የምትባል፣ ጠጉሯ የለሰለሰ፣ እግርም ዓይንም የሌላት፣ ከመብላትና ከመውለድ በቀር ሥራ የማታውቅ ፍጥረት በጣቢያዋ ተራባች። ካፒቴኑ ወደ ጎተራው ሄዶ ዘበኛውን በሩ ደኅና መሆኑን ቢጠይቀው፣ ዘበኛው ምንም ነገር ሊገባ እንደማይችል አረጋገጠለት። ይህን ሲናገር ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። የጎተራው መዝጊያ በተከፈተ ጊዜ እስከ አንገቱ ድረስ ካፒቴኑን የቀበረው የትሪብል ናዳ ወረደ፤ የገቡት በአየር መተላለፊያው በኩል ነበርና። የሳይንስ ሹሙ ስፖክ አንዲት ትሪብል በየ12 ሰዓቱ አሥር እየወለደች ሦስት ቀን ብትቆይ ዘሯ 1,771,561 እንደሚደርስ በቆመበት አስልቶ ተናገረ።

እንግዲህ ፍርድ እንስጥ ከተባለ፣ ዘበኛው አልዋሸም። የቆመው በር ላይ ነው፤ በበሩ የገባ አንዳች የለም። ስለ በሩ ተጠየቀ፣ ስለ በሩ መለሰ። የአየር መተላለፊያውን ጠብቅ ያለው ሰው አልነበረም፤ የበር ዘበኛ በገዛ ፈቃዱ የአየር መተላለፊያ መጠበቅ ቢጀምር ደግሞ በሩን ትቶ ሄደ ተብሎ ይቀጣ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተውል። ከትሪብሎቹ ብዙዎቹ ሞተው ስለ ተገኙ እህሉ መመረዙ ታወቀ፤ በሕይወት የነበሩትም የዚያ ባለሥልጣን ረዳት በቀረባቸው ጊዜ ስለ ጮኹበት፣ ሰውየው መልኩን የለወጠ የክሊንጎን ሰላይ መሆኑ ተገለጠ። አደጋውን ሞተው ያስታወቁት ትሪብሎቹ ናቸው፤ ጠላትን ለይተው የጮኹት ትሪብሎቹ ናቸው። በዚያች ጣቢያ ላይ ከላይ በሁለተኛው ሚዛን የመዘንነውን የዘበኛ ሥራ ፈጽመው የተገኙት፣ ደመወዝ ያልተቆረጠላቸው፣ ሸሚዝም ያልተሰጣቸው እነዚህ ፍጥረቶች ብቻ ናቸው። የተከፈላቸውም ዋጋ በኢንተርፕራይዝ ላይ የነበሩት ወገኖቻቸው ተሰብስበው ወደ ክሊንጎኖች መርከብ መላክ ሆነ፤ ይህም የዘበኛ ወግ ነው።

ሦስተኛውን ወገን ለማየት እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ወጣው ወደ ጆርጅ ሉካስ «ስታር ዎርስ» መሻገር ያስፈልጋል። የዚያ ፊልም «የሞት ኮከብ» መርከብ ሳትሆን ጣቢያ ናት የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ዘበኛ ያቆመችና የተደፈረች ሁሉ ለዚህ ጥናት መርከብ ናት ብዬ አልፈዋለሁ። በዚህች ጣቢያ ውስጥ፣ ባዕድ መርከቦችን ስቦ የሚይዘውን ኃይል የሚቆጣጠረው ማማ አጠገብ፣ ነጭ ጥሩር የለበሱ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። ሽማግሌው ኦቢ ዋን ኬኖቢ ከበስተኋላቸው ገብቶ መሣሪያውን እያጠፋ ሳለ፣ አንደኛው በጣቢያው ውስጥ የተነሣው ሁከት ምን እንደ ሆነ ጓደኛውን ይጠይቀዋል፤ ጓደኛውም ሌላ ልምምድ ሊሆን እንደሚችል ይነግረዋል። ከዚያ ኬኖቢ በእጁ ምልክት ቢያደርግ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ሁለቱም ወደ ድምፁ ዘወር አሉ፣ ምንም አይደለም ተባባሉ፣ ሽማግሌውም ካባውን እየጎተተ በጀርባቸው አልፎ ሄደ።

ስለምን ዘወር አሉ? ድምፅ ስለ ሰሙ ነው። አንድም፣ ዘበኛ ድምፅ ሲሰማ ወደ ድምፁ ማየት ሥራው ስለሆነ ነው፤ እንዲህ ከሆነ የወደቁት ሥራቸውን በመሥራታቸው ነው ማለት ነው። አንድም፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ግድግዳ ሲያይ የዋለ ሰው ሌላ ግድግዳ ለማየት ምክንያት ሲያገኝ ስለማይተው ነው። አንድም፣ ልምምድ ነው ብለው ስለ ደመደሙ፣ ድምፁም የልምምዱ ክፍል መስሏቸው ነው። አንድም፣ ባይዞሩ ሽማግሌው ተይዞ፣ ጓደኛው ወጣቱ ሉክም ተይዞ፣ በጣቢያዋ የታሰረችው ልዕልት ሊያም ተገድላ፣ ፊልሙ በአጋማሹ ያልቅ ስለ ነበር፣ የባለ ሲኒማውን ገንዘብ ላለማክሰር ብለው ነው። እኔ የመጨረሻውን እቀበላለሁ፤ እንዲህ ያለ ለሌላው የማሰብ ጠባይ በጥሩሩ ውስጥ ቢኖር አያስደንቅምና።

በዚያው ዕለት በዚያችው ጣቢያ የተፈጸመ ሌላም አለ። የተያዘችውን መርከብ እንዲጠብቅ የቆመ አንድ ወታደር፣ ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ ቲኬ-421 የሆነ፣ ተመትቶ ጥሩሩ ተገፈፈ። ከላይ በመስኮት የሚያይ አንድ መኮንን ከስፍራህ ስለምን ተለየህ ብሎ በሬዲዮ ጠየቀው፤ ጥሩሩን የለበሰው ሉክ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ሬዲዮው የተበላሸ ለማስመሰል በእጁ የራስ ቁሩን መታ መታ አደረገ። መኮንኑ ይህ በቃው። ሬዲዮውን ሊያይ ብሎ የገዛ ክፍሉን በር በገዛ እጁ ከፈተ፤ በበሩ ላይ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ጠጉራም ፍጡር፣ ቹባካ፣ ቆሞ ነበር። ያ በር ዘበኛ አልነበረውም። ቢኖረውም ከፍቶ ከመስጠት በቀር የሚጨምረው አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ ወታደሮች እየሮጡ ወደዚያው ክፍል ሲገቡ፣ ከመካከላቸው አንዱ ቁመቱ ከበሩ ስለ በለጠ ራሱን በጉበኑ አጋጨ። ይህ አስቀድሞ ያልታሰበ፣ በቀረጻ ጊዜ በእውነት የደረሰ አደጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ፊልሙ በዲቪዲ ሲታተም አዘጋጆቹ ሊቆርጡት ሲችሉ አልቆረጡትም፤ ግጭቱ ይሰማ ዘንድ ድምፅ ጨመሩለት እንጂ። ልዕልት ሊያ ከጣቢያዋ ካመለጡ በኋላ፣ ይህን ያህል በቀላሉ የወጣነው ሆን ብለው ስለ ለቀቁን ነው ትላለች፤ እውነትም በመርከባቸው ላይ መከታተያ ተቀብሮ ኖሯል። ከዚህ ተነሥተው፣ ያን ሁሉ ጥይት አጠገባቸው ወዳለ ሰው ተኩሰው የሳቱት ወታደሮች ትእዛዝ መፈጸማቸው ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክራቸውም ከባድ ነው። ራሱን ከጉበን ያጋጨው ወታደር ይህን ያደረገው በትእዛዝ ነው የሚል ሊቅ ግን እስካሁን አልተነሣም።

የበሩን ነገር ከማብቃቴ በፊት ስለ በሩ ራሱ አንድ ቃል ልበል። የኢንተርፕራይዝ በሮች ሰው ሲቀርባቸው በራሳቸው ወዲያና ወዲህ ይከፈቱ የነበሩ ይመስላሉ፤ በእውነቱ ግን ከመድረኩ ግድግዳ ጀርባ የቆሙ ሠራተኞች ምልክት እየጠበቁ በእጃቸው ይስቧቸው ነበር። ስለዚህ በዚያች መርከብ ላይ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ በእርግጥ የሚያውቁ፣ ሲፈልጉ አላሳልፍ ሊሉ የሚችሉ፣ ለሦስት ዓመትም ያህል አንድ እንኳ ያልሞተባቸው ዘበኞች ነበሩ። ቀይ ሸሚዝ ያልለበሱት ስለማይታዩ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ጥበቃ አለቆች አንድ ምዕራፍ ልጽፍ አስቤ ነበር። የእ.ኤ.አ. 1987ቱ አዲስ «ስታር ትሬክ» ቀዩን ለካፒቴኑ፣ ወርቃማውን ለዘበኞቹ አቀያይሮ ሲጀምር ነገሩ የሚሻሻል መስሎን ነበር፤ ግን የጥበቃዋ አለቃ ታሻ ያር ዓመቱን ሳትጨርስ፣ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ኩሬ፣ ያውም ያለ ምክንያት፣ ገደላት። የተተካው ዎርፍ ከክሊንጎን ጦረኞች የተወለደ ኃይለኛ ሰው ሲሆን፣ አዲስ ጠላት በመጣ ቁጥር አስቀድሞ አንሥቶ የሚወረውረው እርሱን ስለሆነ፣ የጠላቱ ጉልበት የሚለካው ዎርፍ ባረፈበት ርቀት ሆነ። ከሺህ ሰው በላይ የምትይዘው መርከቡም እ.ኤ.አ. በ1992 በታየው ክፍል፣ በሁለት አሮጌ መርከቦች በመጡ ፌሬንጊ በሚባሉ ነጋዴዎች ስትያዝ፣ መልሰው ያስለቀቋት በመሣሪያ ብልሽት ሕፃናት የሆኑት ካፒቴን ፒካርድና ሌሎች ጥቂቶች ናቸው። ሕፃናት። ይህን ከጻፍሁ በኋላ ስለ አለቆች የማክለው አጣሁ፤ ምዕራፉን ትቼዋለሁ፣ ምድቡንም እንደዚሁ።

ከሁሉ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ጋላክሲ ክዌስት» በተባለው ፊልም ያለውን ጋይን ሳልጠቅስ ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ጋይ በአንድ የጠፈር ድርሰት በአንዲት ክፍል ብቻ ተጫውቶ፣ ከመጀመሪያው ማስታወቂያ በፊት የሞተ ተዋናይ ነው። በኋላ ከጓደኞቹ ጋር በእውነተኛ መርከብ ወደ እውነተኛ ኅዋ በተወሰደ ጊዜ፣ እርሱ እሞታለሁ ብሎ በፍርሃት ተጨነቀ፤ የአባቴን ስም የሚያውቅ ከመካከላችሁ አለን ብሎ ጠየቃቸው፤ አንድም የሚያውቅ አልነበረም። እኔ በብዙ ሺህ ሰዓት ከተመለከትኋቸው ዘበኞች ሁሉ የሥራውን ምስጢር ጠንቅቆ የተረዳ ይህ ሰው ብቻ ነው። ይህን ማወቁ ይሁን ወይም ዕድሉ፣ ከዚያ ሁሉ መከራ አንድ ጣቱ እንኳ ሳይጎድል ተመለሰ። በፊልሙ መጨረሻ ድርሰቱ እንደ ገና ሲጀመር ጋይ በመግቢያው ላይ ከነሙሉ ስሙ ታየ፤ የተሾመውም የጥበቃ አለቃ ተብሎ ነው። ፊቱ በደስታ ያበራ ነበር። ፊልሙ በዚያው ስለሚያበቃ ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ማለፍ አለማለፉን ለማረጋገጥ አልተቻለም።